ሙላዚሙ ያነበበው ፊት

ልጄ ሣራ የምትማረው ሳይኮሎጂ ነው። የሱዳን ጦርነት ዩኒቨርሲቲዋን ከበታተነው ወዲህ ትምህርቱ የሚላክላት በስልክ ነው። ገዳሪፍ ውስጥ ኔትወርክ በተገኘ ቀን በረንዳው ላይ ትቀመጥና የአስተማሪዋን ድምፅ ከፍ አድርጋ ትከፍተዋለች፤ እኔም አጠገቧ ምስር እየለቀምኩ፣ ሳልመዘገብ እማራለሁ። ጣልቃ እየገባሁ ስጠይቃት "አባ፣ እንግዲያው ፈተናውንም አንተው ተፈተንልኝ" ትለኛለች።

ባለፈው ሳምንት ትምህርቱ ስለ ወንጀለኞች ነበር። መርማሪዎች ወንጀሉ የተፈጸመበትን ቦታና አኳኋን አይተው፣ ገና ያልተያዘው ሰው ምን ዓይነት ጠባይ ሊኖረው እንደሚችል እንዴት እንደሚገምቱ የሚያስረዳ ነው። ሣራ እዚሁ ተወልዳ ስላደገች አማርኛዋ መሃል አረብኛ ይገባበታል፤ ደስ ሲላት ደግሞ ይብስባታል።

"አባ ስማ! ያዕኒ ሰውዬውን ሳያዩት ጠባዩን ያውቁታል። ብቻውን ይበላል፣ የሰው ዓይን አያይም፣ በድንገት ይለወጣል፣ የት እንደሚሄድ አይናገርም። ወላሂ አጂብ ነው!"

"ዐውቀዋለሁ" አልኳት።

"ማንን?"

"ይህን ሰውዬ።"

እሷ ሳቀች። እኔ ግን ምስሩን መልቀም አልቻልኩም፤ ሰፌዱን መሬት አስቀምጬ ወደ ግቢው በር ማየት ጀመርኩ። ስትጎተጉተኝ ጊዜ ነገርኳት። እዚህም የምጽፈው ለእሷ እንደነገርኳት ነው።

ያን ጊዜ ጺሜ በወጉ አልወጣም። ከደምቢያ ወርጄ ገዳሪፍ አንድ ፉል ቤት ውስጥ ሳህን ሳጥብ አረብኛ ለምጄ ነበር። አረብኛዬ የሳህን አጣቢ አረብኛ ነው፤ ስድቡ ከሰላምታው ይበልጣል። ቢሆንም ፋሽጋ ላይ የአንድ ሰፊ ሰሊጥ እርሻ ወኪል፣ ማለት የባለ እርሻው ተጠሪ፣ ሲሰማኝ ወደደኝና አስተርጓሚ አደረገኝ። ሳሉግ፣ ለአጨዳ ከሀገራችን የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ማለት ነው፣ ከንጋት ጀምሮ ማጭድ ይዞ ሲያጎነብስ እኔ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ በመካከሉ እንጎራደድ ነበር። ሳስታውሰው ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

ጥቅምት ነበር። ዝናቡ ካቆመ ወዲያ የዋልካው መሬት መሰንጠቅ ጀምሮ፣ ስንጥቁ እግር የሚውጥ ሆኗል። የታጨደው ሰሊጥ በነዶ በነዶ ታስሮ፣ እንዲደርቅ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ክምሩን ሂላ ይሉታል። ሰሊጥ ሲደርስ ፋታ አይሰጥም። ቀን ካሳለፉበት ከረጢቱ ይከፈትና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ ይጣደፋል። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ብቻ ሥራ ይቆምና ኪስራ የሚሉት የማሽላ ቂጣ ወይካ በሚሉት የባምያ ወጥ ይበላል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ያገኘው ጥላ ሥር ጋደም ይላል።

ከሳሉጎቹ መካከል አያ ፈንታሁን የሚባል የአገሬ ሰው ነበር። እኛ አያ ፈንቴ እንለዋለን። በአንድ ደብር ነው ያደግነው፤ ስወርድ እናቴ እጄን ይዛ "አደራህን" ያለችው እሱን ነው። መንገድ ላይ እግሬ ሲላጥ የገዛ ጫማውን አውልቆ ያጫማኝ ሰው ነው። ነገረኛና ቀልደኛ ነበር፤ ሥራ ላይ ሲያቅራራ የሱዳን ትራክተር ነጂዎች ሞተር አጥፍተው ያዳምጡታል። እኔንም አላስቀምጥ ብሎ "ክቡር አስተርጓሚ፣ ይቺን ቁንጫ በአረብኛ ውረጂ በልልኝ" ይለኝ ነበር።

ለመስቀል መተማ ደርሶ ሲመለስ ግን ሌላ ሰው ሆኖ መጣ። ማቅራራቱ ቀረ፤ ቀልዱም ቀረ። ኪስራውን ይይዝና ከትራክተሩ ማዶ ብቻውን ይበላል። በዕረፍት ሰዓት ሁላችን ስንጋደም እሱ ሂላዎቹን አቋርጦ ወደ ጓንግ ወንዝ ይወርዳል። "የት ነበርክ?" ሲሉት "እግሬን ላፍታታ" ይላል። ቀኑን ሙሉ ያጎነበሰ ሰው፣ በዚያ ፀሐይ፣ ምን እግር ያፍታታል?

አንድ ቀን ገዳሪፍ ደርሼ ስመለስ ለእናቴ የገዛሁላትን ጨርቅ አውጥቼ አሳየሁት። አበባ ያለበት፣ ለስላሳ፣ የሱዳን ሴቶች የሚወዱት ዓይነት ነው። "አያ ፈንቴ፣ ይህን ለብሳ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ አይታይህም?" አልኩት። በእጁ እንኳ አልነካውም። የጀመረውን ምግብ ትቶ ተነሥቶ ሄደ። እኔም ነገሩ ገባኝ መሰለኝ፤ ቀንቶብኛል አልኩ። እሱ ማጭድ ላይ ቀርቶ እኔ አስተርጓሚ መሆኔ ከነከነው ብዬ ደመደምኩ፤ ከዚያ ወዲያ እኔም ኮራሁበት።

በዚህ መሃል አንድ ሂላ ተቃጠለ። የሰው ስህተት ነው ተባለና ታለፈ። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ተቃጠለ፤ ይህኛው ከመንገድ የራቀ፣ ከእርሻው መሃል የሚገኝ ትልቁ ነበር። ሁለቱም የተቃጠሉት በዕረፍት ሰዓት ነው። የሚነድ ሰሊጥ ሽታው ቁሌት ይመስላል፤ ሆድ ያስርባል፤ በዚያ ሽታ መራባችን ራሱ አስፈራን። ወኪሉ "ከእናንተ አንዱ ነው! ካልተገኘ ሁላችሁም ትባረራላችሁ!" ብሎ ማለ። ሰው እርስ በርሱ መተያየት ጀመረ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ክብሪት ያለው ሰው ክብሪቱን ደበቀ፤ መደበቁ ደግሞ የባሰ አስጠረጠረው።

ከገዳሪፍ ፖሊስ መጣ ሲባል አለንጋ ነበር የጠበቅነው። የመጣው ግን ቀጭን፣ ልብሱ የጠዳ፣ ድምፁ የለሰለሰ መኮንን ነበር፤ ሙላዚም ኢድሪስ ይባላል፤ ሙላዚም እኛ መቶ አለቃ እንደምንለው ነው። ማንንም አልመታም፤ አልጮኸም። ዐመዱን ዞሮ ዞሮ አየ፤ ከዚያ ራኩባው ውስጥ፣ ከእንጨትና ከሣር የተሠራው ዳስ ነው፣ ተቀመጠና ሻይ ጠየቀ። ካርቱም የተማረውን ለእኔ ለአስተርጓሚው ያስረዳኝ ጀመር።

"ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ሥራው ስለ ሠሪው ይናገራል" አለኝ። "ምንም አልተሰረቀም፤ ስለዚህ ሌባ አይደለም። የራቀውን ሂላ መረጠ፤ ስለዚህ እርሻውን ያውቃል፣ ከውስጥ ነው። ሌላው ሲተኛ እሱ አልተኛም። በልቡ የያዘው ነገር አለ። እንዲህ ያለ ሰው ከጓደኞቹ ይለያል፤ አበላሉ ይለወጣል። እስቲ ንገረኝ፤ በቅርብ ጊዜ የተለወጠ ማን ነው?"

እየተናገረ ሳለ የአያ ፈንቴ ፊት መጣብኝ። ሻዩን ልቅዳለት ብዬ ብርጭቆውን አነሣሁ። ወኪሉ ግን አጠገባችን ቆሞ ነበርና "ፈንታሁን! ከመስቀል ወዲህ እብድ ሆኗል" አለ። ሙላዚሙ ወደ እኔ ዞረ። እውነት ነው አልኩት፤ ምን ልበል? ወንዝ መውረዱን ሁሉም ያውቃል።

አያ ፈንቴን አመጡት። ሙላዚሙ ብርሃኑ ፊቱ ላይ እንዲያርፍ ከዳሱ አፍ ላይ አስቀመጠው። እኔ በመካከላቸው ቆምኩ። በመጀመሪያ ስለ አገሩ፣ ስለ ልጆቹ ጠየቀው፤ አያ ፈንቴም ዓይን ዓይኑን እያየ መለሰ። ከዚያ በድንገት "ትልቁን ሂላ፣ የተቃጠለውን፣ ታውቀዋለህ?" አለው። ተረጎምኩ። አያ ፈንቴ እኛ እንደምናደርገው ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገ።

ሙላዚሙ ብርጭቆውን አስቀመጠ። "አየኸው? ደነገጠ። ትንፋሹ ቀጥ አለ።"

ሳቄ አመለጠኝ። "ያ ሙላዚም፣ ይህ ድንጋጤ አይደለም፤ አዎ ማለቱ ነው። እኛ አገር አዎ እንዲህ ነው የሚባለው።"

አላመነኝም። በዚያ በኩል አህያ እየነዳ ውሃ የሚያመላልሰውን ሐበሻ ሽማግሌ ጠራና "ምሳ በልተዋል?" በለው አለኝ። ሽማግሌው ትንፋሹን ሳብ አደረገ። ሙላዚሙ ሌላ ሳሉግ አስጠራ፤ ያም ሳብ አደረገ። ፈገግ አለ፤ ጨዋ ሰው ነበር። እኔም አገሬን ያስጠራሁ መሰለኝና ደረቴን ነፋሁ። አያ ፈንቴ የተረፈ መሰለኝ።

"እሺ፣ ይህቺን ልርሳት" አለ ሙላዚሙ። "ግን ሌላ ነገር አለ። እኔን ሲመልስልኝ ዓይኔን ያየኛል። አንተ ስትናገር ግን መሬት ያያል። ለምን?"

"አክብሮት ነው" አልኩ።

"ለእኔ ያላሳየውን አክብሮት ለአንተ ለታናሹ?"

ዘወር ብዬ አያ ፈንቴን አየሁት፤ እውነትም የእግሬን ጣቶች ነበር የሚያየው።

ከዚያ ጥያቄው ጠነከረ። በዕረፍት ሰዓት የት ነው የምትሄደው? ወደ ወንዝ። ምን ልታደርግ? እግሬን ላፍታታ። ከማን ጋር? ብቻዬን። የምትደብቀው ነገር አለ? አያ ፈንቴ አንገቱን ደፍቶ "አለ" አለ። ይህንም ተረጎምኩ። እሳቱ ነው ወይ ሲለው "አይደለም። እሳቱን አላውቀውም" አለ። እና ምንድን ነው? "አልናገርም።"

ወኪሉ ከውጭ ሆኖ "ሐላስ! በቃ! ውሰዱት!" እያለ ይጮኻል። የፖሊሶቹ ፒካፕ ተነሣች፤ ሞተርዋ ሲጮህ ሰማሁ። ገዳሪፍ እስር ቤት የገባ ሐበሻ መቼ እንደሚወጣ የሚያውቅ አልነበረም፤ የአያ ፈንቴ ልጆች ደግሞ ገና ጥሬ ናቸው። ቂሜን ረሳሁት። ከፊቱ በርከክ አልኩና በአማርኛ ለመንኩት።

"አያ ፈንቴ፣ በሞቴ ተናገር! ይወስዱሃል እኮ! ለእኔ ብቻ ንገረኝ። እናቴ ትሙት ለማንም አልናገርም! እናቴ ትሙት!"

እንዲህ ያለውን መሐላ ሁላችንም በቀን ስንት ጊዜ እንምላለን፤ ሰምቶ የሚደነግጥ የለም። አያ ፈንቴ ግን በእሳት የተነካ ይመስል ከተቀመጠበት ተነሣ። "ተው! ተው አንተ ልጅ፣ እንዲህ ብለህ አትማል!" ብሎ ጮኸ፤ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ሙላዚሙ ቀስ ብሎ ተነሣ። "ምን አልከው?"

"ምንም። ማልኩለት እንጂ ምንም አላልኩትም።"

"ምንም ተብሎ ሰው እንዲህ ይሆናል?"

አያ ፈንቴ እጁን ከፊቱ ሳያነሣ ተናገረ። "በዚህ ልጅ አፍ አልናገርም። ሌላ አስተርጓሚ ያምጡልኝ። ከሌለም ገዳሪፍ ይውሰዱኝ።"

ይህን ራሴው መተርጎም ነበረብኝ። ፊቴ እስኪነድ አፈርኩ፤ ተናደድኩም። ሙላዚሙ አሁን የሚያነበው የእሱን ፊት አልነበረም፤ የእኔን ነው። ሁለት ሰዎች፣ አንድ አገር፣ አንድ ምሥጢር፤ ሲያስበው አየሁት። "አንተ ከዚህ ወጥተህ ተቀመጥ" አለኝ፤ አብሮት ለመጣው ወታደርም በዓይኑ ምልክት ሰጠው።

እርሻው ዳር ሻይ የሚያፈሉ፣ ከስደተኛ ካምፕ የሚመጡ ለተብርሃን የሚባሉ ሴት ነበሩ። ትግርኛውንም አማርኛውንም አረብኛውንም ይችሉታል። እሳቸው ተጠርተው ገቡ። እኔ ከትራክተሩ ጎማ አጠገብ፣ ፀሐይ ላይ ተቀመጥኩ፤ ወታደሩ ከኋላዬ ቆመ። ሳሉጎቹ ማጭዳቸውን እንደያዙ ከሩቅ ያዩኛል። ቂሜም ተመልሶ መጣ፤ ይህ ሰውዬ በቅናቱ እኔንም ሊያስበላኝ ነው አልኩ በልቤ። ያረረው ሂላ ሽታ በነፋሱ ይመጣል። ከዳሱ ውስጥ የአያ ፈንቴ ድምፅ ዝቅ ብሎ ይሰማል፤ ቃሉ ግን አይለይም። ከዚያ እትዬ ለተብርሃን "ዋይ ኣነ!" ሲሉ ሰማሁ። ሙላዚሙ አንድ ነገር ጠየቀ፤ እሳቸውም በቀጭን ድምፅ መለሱለት።

ሙላዚሙ ብቻውን ወጣ። ቆቡን አውልቆ በብብቱ ይዟል። ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣና ከፊቴ ቆመ፤ ሁለት መዳፎቹን ወደ ላይ ዘርግቶ "አልፋትሓ" አለ።

ሱዳን የኖረ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሐዘን የደረሰበትን ሰው ያገኘ ሁሉ መዳፉን ዘርግቶ እንዲህ ይለዋል፤ እግዜር ያጽናህ እንደ ማለት ነው። ዘወር ብዬ ከኋላዬ ያለውን ሰው አየሁ፤ ወታደሩ ነበር። ወታደሩም ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አንግቶ፣ እኔን እያየ፣ መዳፎቹን ዘረጋ።

ሳሉጎቹ ከሩቅ አይተው ገብቷቸዋል። ማጭዳቸው አንድ በአንድ ሲወድቅ አየሁ። የመጀመሪያው ለቅሶ የተሰማው ከእነሱ ወገን ነው፤ እኔ ገና አልገባኝም ነበር፤ ወይም እንዳይገባኝ እታገል ነበር። ከዚያ አያ ፈንቴ ከዳሱ እየሮጠ መጥቶ አንገቴን አቅፎ ያዘኝ።

"እናትህ... እናታችን..." አለ፤ መጨረስ አቃተው።

መተማ ላይ ለመስቀል ያገኘው አጎቴን ነበር። እናቴ ጳጉሜ ላይ ታማ፣ ብዙም ሳትቆይ ዐርፋለች። አጎቴም "አጨዳው እስኪያልቅ እንዳትነግረው፤ በሰው አገር ብቻውን እንዳይሰማ። ይዘኸው ናና በወገን መሃል እናረዳዋለን" ብሎ አደራ ብሎታል። ወንዝ የሚወርደው እኔ ሳልሰማው ሊያለቅስ ነው። ዓይኔን የማያየው ፊቴ ላይ እሷን ስለሚያይ ነው። ኋላ ለቅሶው በረድ ሲል፣ ለምን አስቀድመህ ለእነሱ አልነገርክም ብዬ ጮኽኩበት።

"በማን በኩል ልንገራቸው?" አለኝ። "ከእኛ መሃል አረብኛ የምታውቅ አንተ ነህ። የራስህን መርዶ በራስህ አፍ ላስተረጉምህ ኖሯል?"

በዚያ ቀንና በማግሥቱ ማጭድ ያነሣ የለም። ወኪሉ ሰሊጡ ሲረግፍ እያየ ፀጉሩን ነጨ፤ ግን ደፍሮ ያስገደደን የለም። ሙላዚሙ እስኪመሽ አብሮን ተቀመጠ። ሲሄድ እጄን ይዞ "የሚደብቀው ነገር እንዳለ ዐውቄ ነበር። ከአንተ እንደሚደብቅም ዐውቄ ነበር" አለኝ፤ የሚቀጥል መስሎኝ ጠበቅሁ፤ እሱ ግን ራሱን ነቀነቀና መኪናው ውስጥ ገባ። አያ ፈንቴን አልወሰደውም። እሳቱን ማን እንዳስነሣው እስከ ዛሬ አላውቅም። ከትራክተር ጭስ ማውጫ የወጣ ብልጭታ ነው ያሉም ነበሩ።

ሣራ ስልኳን ዘግታ ነበር። "አባ፣ ማለት... ሙላዚሙ ትክክል ነበር፣ ግን ተሳስቶ ነበር" አለች። ልክ ነሽ አልኳት። ሙላዚሙን አልወቅሰውም፤ እኔም ያንኑ ፊት በየቀኑ እያየሁ ቅናት ነው ብዬ አነበብኩት፤ እሱ ደግሞ ጥፋት ነው ብሎ አነበበው። ጥፋት የሚደብቅ ሰውና ለሰው ሲል ሐዘን የሚደብቅ ሰው ያው አንገታቸውን ይደፋሉ፤ ያው ከገበታ ይሸሻሉ። አስተማሪሽን ጠይቂልኝ፣ በምን ይለያሉ? አልኳት። እጠይቀዋለሁ ብላለች፤ ኔትወርክ ሲገኝ።

በወጣትነቴ አያ ፈንቴን ለረጅም ጊዜ ተቀይሜው ነበር። እናቴ ከሞተች በኋላ ስስቅ፣ ስኮራ፣ ጨርቅ ስገዛ መክረሜ ያናድደኝ ነበር፤ እንደ ሞኝ ያየኝ ይመስለኛል። አሁን ዕድሜዬ እሷ ከሞተችበት ዕድሜ አልፎ ሳየው፣ እነዚያን ቀናት የሰጠኝ እሱ ነው። እሷ ከሞተችም በኋላ እኔ እናት ያለው ሰው ሆኜ ኖሬያለሁ፤ ለቅሶዬን ወንዝ ዳር እሱ ሲያለቅስልኝ ነበር፤ ለዚያም ሲል እስር ቤት ሊገባ ተነሥቶ ነበር።

አያ ፈንቴ አምና ዐረፈ። የገዳሪፍ ገበያ መሃል ቆሜ፣ ዱቄት እየተመዘነልኝ፣ ስልኬ ጮኸ፤ አነሣሁት። ማንነቱን በቅጡ ያልለየሁት ሰው "ፈንታሁን ሞቷል፣ ሰምተሃል?" አለኝና መስመሩ ተቋረጠ። የእሱን መርዶ ለአንድ ቀን እንኳ የደበቀልኝ ሰው አልነበረም።